«ነይ ተላኪልኝ»

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሽንኩርት እያቁላላሁ ሳለ ጨው ማለቁን አየሁ። ድስቱን ጥዬ መውጣት ስላልቻልኩ የሰባት ዓመቷን ልጄን ጠራኋትና «ነይ እስቲ ተላኪልኝ» አልኳት። እየሮጠች መጣች። የመጣችው ግን ስልኬን ይዛ ነው።

«ለማን ነው የምልከው? በቴሌግራም ነው?» አለችኝ።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ባለቤቴም ከሳሎን ሆኖ ሳቀ። ቆይቶ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ልጄ «መላክ» የሚለውን ቃል በደንብ ታውቀዋለች፤ ፎቶ ይላካል፣ ድምፅ ይላካል፣ ብር በስልክ ይላካል። ሰው እንደሚላክ ግን አታውቅም። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ሱቅ ተልካ አታውቅማ! ዳቦው በአባቷ መኪና ይመጣል፤ አስቤዛው በወር አንዴ ከሱፐርማርኬት ይገባል፤ የጎደለውን ሞተረኛ በር ድረስ ያደርሳል። የእናንተም ቤት ከዚህ ብዙ የሚለይ አይመስለኝም።

እኔን ግን ልጅነትሽን በአንድ ቃል ንገሪን ብትሉኝ አላስብም። ተላላኪ ነበርኩ።

ያደግሁት ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ነው። ከስድስት ኪሎ ተነስታችሁ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ሽቅብ ወደ እንጦጦ ስትወጡ፣ ነጠላና ቀሚስ የተሰቀለባቸው ሱቆች ግራና ቀኝ የሚቀበሏችሁ ሰፈር። ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለሠርግ ብላችሁ ሳትመጡ አትቀሩም። ጥለት መርጣችሁ፣ ተከራክራችሁ፣ ፌስታላችሁን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። እኔ የማወራላችሁ ከእነዚያ ሱቆች ጀርባ ስላለው መንደር ነው። የጭቃ ቤት፣ የቆርቆሮ አጥር፣ አቀበትና ቁልቁለት፤ ከሰዓት በኋላ ከእንጦጦ ጎንበስ ብለው ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች፤ ሲመሽ ደግሞ ከየምጣዱ ሥር የሚነሳ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ። አሁንም የሆነ ቦታ ያ ጭስ ሲሸተኝ ሆዴ ይርበኛል።

ስለ ድሮ ሰፈር መዋያዎች ወሬ ሲነሳ ወንዶቹ ይቀድሙናል። ወንድሜ አንዴ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ጆተኒ፣ ከረንቦላ፣ ፑል ቤት፣ ቪዲዮ ቤት፣ በሰዓት የሚከራይ ብስክሌት። እኛ ሴቶቹ እነዚያ ቦታዎች አይገቡብንም ነበር። በሩ ላይ ክልክል ነው ብሎ የጻፈ ሰው የለም፤ ግን እናውቀው ነበር። ከግቢ የምንወጣበት ፈቃድ አንድ ብቻ ነው፤ መላክ። ስለዚህ የእኛ መዋያ ወረፋ ሆነ። የቦኖ ወረፋ፣ የዳቦ ቤት ወረፋ፣ የወፍጮ ቤት ወረፋ። ሱዚ የዘለልኩት፣ ሰኞ ማክሰኞ የተጫወትኩት፣ የክፍል ጓደኞቼን ሚስጥር ሁሉ የሰማሁት ቢጫ ጀሪካን አሰልፌ ነው። ውኃ ቶሎ የመጣ ቀን ይከፋን ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ወፍጮ ቤቱ ደግሞ የራሱ ፖለቲካ ነበረው። ጤፍ የሚፈጭበት ለብቻ ነው፤ ሌላው ሌላው ግን በአንድ ድንጋይ ነው የሚያልፈው። የእናቴ ማስጠንቀቂያ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ከበርበሬ ቀጥለሽ እንዳትገቢ!» በርበሬ ቀድሞት የተፈጨ በሶ የቀመሰ ሰው ለምን እንደሆነ ያውቃል። ታዲያ አንዷ በርበሬ ይዛ ከፊት ከተሰለፈች ከኋላ ያለነው ሁሉ ድንገት ጨዋ እንሆናለን። «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ በማርያም እርስዎ ይግቡ»፣ «እኔ አልቸኩልም»። ሽፋሽፍቱ ድረስ ነጭ ዱቄት የለበሰው ባለወፍጮ እየሳቀብን ይጠብቃል። አክብሮትና ተንኮል ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ የተማርኩት እዚያ ነው። በኋላ ቢሮ ገብቼ ስብሰባ ላይ መቀመጥ ስጀምር ብዙም አልተገረምኩም።

ቪዲዮ ቤትም ቢሆን ጨርሶ አላየሁም አልልም። ሲመሽ እናቴ «ወንድምሽን ጥሪው» ብላ ትልከኛለች። መስኮቱ በብርድ ልብስ የተሸፈነ ጠባብ ክፍል ነው፤ ደጃፉ ላይ የዕለቱ ፊልሞች ስም በጠመኔ የተጻፈበት ጥቁር ሰሌዳ ተደግፎ ይቆማል። ውስጡ የላብና የቆሎ ሽታ አለው። ወንድሜ «አንዴ ጠብቂ፣ ሊያልቅ ነው» ይለኛል፤ እኔም በሩ ሥር ቆሜ አያለሁ። በዚህ ምክንያት ስንትና ስንት የህንድ ፊልም መጨረሻውን ብቻ አውቃለሁ። ሰዎቹ ተገናኝተው ሲላቀሱ አብሬ አለቅሳለሁ፤ ለምን እንደተለያዩ ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

አሁን ወደማልወደው ነገር ልለፍ፤ ናፍቆት ሁሉን ነገር ያሳምራልና። ከቤታችን በታች የሸማኔዎች ግቢ ነበር። ሽሮ ሜዳን ሽሮ ሜዳ ያደረጉት ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ የመጡ ሸማኔዎች ናቸው። ጠዋት ስነሳ የምሰማው ድምፅ የመወርወሪያው ነበር፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። እነሱም ይልኩኝ ነበር፤ ዳቦ፣ ሻይ በፔርሙስ፣ ሁለት ፍሬ ኒያላ። መልሱ ላይ ስሙኒ ይጥሉልኛል። ከመካከላቸው አንዱ በኔ ዕድሜ ያለ ልጅ ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ ሲሠራ ከወገቡ በላይ ብቻ ነው የሚታየኝ። አንድ ቀን «አንተ ለምን አትላክም?» ብዬ ጠየቅሁት። «ተልኬ ነው እኮ የመጣሁት» አለኝ። ያኔ ቀልድ መስሎኝ ስቄያለሁ። ብዙ ሕፃናት ትማራላችሁ እየተባሉ ከዚያ አገር አዲስ አበባ መጥተው ሸማ ላይ እንደሚቀመጡ ያነበብኩት ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነው። ያ ልጅ ትምህርት ቤት ሲሄድ አይቼው አላውቅም። የእናቴ የጥምቀት ቀሚስ ጥለት የማን እጅ ሥራ እንደሆነም ጠይቄ አላውቅም።

ከሁሉም በላይ የምላክበት ግን ሱቅ ነበር። አንድ በር፣ አንድ የእንጨት ባንኮኒ፣ ከባንኮኒው በላይ የብረት ፍርግርግ። ባለሱቁ በልጅነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ በሊስትሮነት የጀመረ፣ ከዚያ ሰው ሱቅ ተቀጥሮ ቆይቶ የራሱን የከፈተ ሰው ነው። ስሙን እዚህ አላነሳም፤ እኛ ልጆቹ ጋሼ ነበር የምንለው። እሱ ጋ ሁሉም ነገር በጥቂቱ ይሸጣል። ዘይት በስኒ ተለክቶ፣ ላምባ በጠርሙስ፣ ቡና ለአንድ ጀበና የሚበቃ፣ ሲጋራ በፍሬ። ስኳር በአሮጌ የደብተር ወረቀት ይጠቀለላል። ወረቀቱን የምንሸጥለት እኛው ልጆቹ ነን። አንድ ቀን ከእናቴ የደበቅሁት፣ ከሃያ ሰባት ያመጣሁበት የሂሳብ ፈተና ሩብ ኪሎ ስኳር ተጠቅልሎበት ቤት ድረስ መጣልኝ። ያን ቀን ስኳሩም አልጣፈጠኝ።

የመንደሩ ስልክም እሱ ጋ ነበር። ከዐረብ አገር ወይም ከክፍለ ሀገር የሚደወል ሁሉ በዚያ ስልክ ነው የሚመጣው። «ሂጂ፣ ስልክ ይፈልግሻል በያት» ተብዬ ስንት ቤት አንኳኩቻለሁ! ነጠላቸውን እያጣፉ ሲሮጡ አያለሁ፤ ሲመለሱ በፊታቸው ደስታ ይሁን መርዶ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ። ለመስቀል ደግሞ ጋሼ ሱቁን ዘግቶ አገሩ ይገባል። ያን ሰሞን መንደሩ ወላጅ እንደሌለው ልጅ ይሆናል። ክብሪት ለመግዛት አስፋልት መሻገር፣ የማያውቀን ሰው ፊት ቆሞ ብር መቁጠር። ሲመለስ ቆጮና ቅቤ ይዞልን ስለሚመጣ ይቅር እንለዋለን።

በ1995 ዓ.ም. አባቴ ታመመ። የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ወገቡን ያዘውና ወራት ሙሉ ተኛ። ገቢያችን በአንድ ጊዜ ቆመ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስላክ ሳንቲም መያዝ ቀረና ሁለት ቃል ብቻ ይዤ እሄድ ጀመር፦ «ጻፈው በይው።»

ዱቤ የጠየቀ ያውቀዋል፤ የዐሥር ዓመት ልጅ ደግሞ የበለጠ ታፍራለች። ሱቁ ደጃፍ ሰው ካለ እስኪሄድ ድረስ ግድግዳ ተደግፌ እቆማለሁ። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ካደረግሁ በኋላ ጋሼ ገባው። ከዚያ ወዲህ ሰው ባለበት ሲያየኝ ቀድሞኝ ጮክ ብሎ «እናትሽ ጠዋት ከፍላለች፣ ምን ልስጥሽ?» ይለኛል። አልከፈለችም። እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። ዕቃዬን ይዤ ስዞር ብቻ እርሳሱን ያነሳል።

ደብተሩ ጠንካራ ሽፋን ያለው ረጅም ደብተር ነው፤ እርሳሱ በክር ታስሮ ይንጠለጠልበታል። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ገጽ አለው። ከገጹ አናት ላይ የሚጻፈው የአባወራው ስም ግን አይደለም፤ ከዚያ ቤት የሚላከው ልጅ ቅጽል ስም ነው። የእኛ ቤት ገጽ «ሯጯ» ይላል። ጎህ ሲቀድ እንጦጦ ላይ የሚለማመዱትን አትሌቶች እያየሁ ስላደግሁ ቁልቁለቱን በሩጫ ካልሆነ ወርጄው አላውቅም፤ አንድ ቀን ላምባ ይዤ ወድቄ ጠርሙሱ እስኪሰበር ድረስ።

እዚህ ላይ እናቴ የማታውቀው ነገር አለ፤ እሷም የምታነበው ዛሬ ከእናንተ ጋር ነው። «ጻፈው» የምትለዋ ቃል ምን ያህል ኃይል እንዳላት ሳውቅ አንድ ቀን ስኳር ከተቀበልኩ በኋላ «አንድ ማስቲካም፣ ጻፈው» አልኩ። ጋሼ አንዴ አየኝና ሰጠኝ። በማግስቱም ደገምኩ። ዐሥራ አንድ ማስቲካ ደረስኩ። አባቴ ተኝቶ፣ እናቴ ሽሮውን እያቀጠነች፣ እኔ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ቆሜ እያኘክሁ።

ወሩ ሲያልቅ እናቴ የጆሮ ወርቋን ሸጠች። ሒሳቡን ልትከፍል ስትሄድ እኔንም ይዛኝ ሄደች። ጋሼ ደብተሩን ገለጠና በጣቱ እየተከተለ ያነብላት ጀመር። ስኳር፣ ላምባ፣ ዘይት፣ ሳሙና። ከባንኮኒው ማዶ ሆኜ ጽሑፉን ተገልብጦ አነበዋለሁ፤ ቀጥሎ ያለው መስመር «ማስቲካ» ይላል። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። ጣቱ መስመሩ ላይ ደረሰ፣ ዘለለው፣ ቀጠለ። ዐሥራ አንዱንም ዘለላቸው። እናቴ ከፈለች፣ አመሰገነች፣ ወጣን።

በማግስቱ ስሄድ የደብተሩን የመጨረሻ ገጽ ገልጦ አሳየኝ። «ሯጯ» ይላል፤ ሥሩ ዐሥራ አንድ ጭረት ተሰምሯል። «ያንቺን ለብቻ ጽፌዋለሁ። ስታድጊ ትከፍይኛለሽ» አለኝ። ሌላ አንድም ቃል አልጨመረም። ለማንም አልተናገረም። ከዚያ በኋላም እንደ ድሮው ነው የሚሰጠኝ።

አባቴ ዳነና ሥራ ጀመረ፤ ዕዳውም ቀስ በቀስ አለቀ። በ1997 ዓ.ም. የተመዘገብነው ኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶልን በ2003 ዓ.ም. ጀሞ ገባን። ከከተማው ሰሜን ጫፍ ወደ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ። ዕቃችንን አይሱዙ ላይ ስንጭን ጋሼ «አዲስ ቤት ባዶ እጅ አይገባም» ብሎ ሁለት ኪሎ ስኳር ይዞ መጣ። የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ዩኒቨርሲቲ ልገባ ነው፤ ኪሴ ውስጥ ብር ነበረኝ። የመጨረሻውን ገጽ ላነሳበት አፍሬ ዝም አልኩ።

ቢዝነስ አጠናሁ። ዛሬ የማርኬቲንግ ኦፊሰር ነኝ። ከሥራዎቻችን አንዱ «ታማኝ ደንበኛ» የምንለውን ሰው በነጥብና በቅናሽ መያዝ ነው። ደንበኛው ምን እንደገዛ፣ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ፣ መቼ እንደቀረ ኮምፒውተሩ ይነግረናል። ለምን እንደቀረ ግን አይነግረንም። አንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለዚያ ደብተር ላወራ አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ጋሼ ታማኝ የሚላቸውን ሰዎች የሚመርጠው በምን እንደነበር እኔም ማስረዳት አልችልም። የሚከፍሉትን ብቻ አልነበረማ።

ያለፈው ገና ሰሞን ቤተሰቡ ሆነን እንጦጦ ፓርክ ወጣን። ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ እንጦጦ ለልጄ ፈረስ የሚጋለብበት ቦታ ነው፤ ለእኔ እናቶች ማገዶ የሚያወርዱበት ነበር። ስንመለስ ቀሚስ ልንገዛላት ሽሮ ሜዳ ቆምን። ቀሚሱን ከገዛን በኋላ እጇን ይዤ ወደ ጀርባው መንደር ገባሁ።

የሱቁ ረድፍ ፈርሶ በቆርቆሮ ታጥሯል። ቦኖው የለም። ቪዲዮ ቤቱ የስልክ ጥገና ሆኗል። የሸማኔዎቹ ግቢ የነበረበት ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል። ወፍጮ ቤቱ ግን ከነጩኸቱ አለ! ልጄ ጆሮዋን ያዘች። ባለወፍጮው የድሮው አይደለም፤ የሱ ልጅ ነው። ስለ ጋሼ ስጠይቀው ማዶ ወዳለች የስልክ ሽፋንና ቻርጀር የሚሸጥባት ትንሽ ኪዮስክ ጠቆመኝ። የጋሼ ልጅ ነው፤ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። አባቱ ሱቁ ሲፈርስ ጠቅልሎ አገሩ እንደገባ፣ እንሰትና ቡና እንደሚንከባከብ ነገረኝ። «ልደውልልሽ?» ብሎ መልሴን ሳይጠብቅ ደወለ።

ስልኩን ተቀበልኩት። በልጅነቴ አንተ እለው የነበረውን ሰው አሁን እርስዎ ልበለው አንተ ልበለው ቸገረኝ። «ጋሼ፣ እንዴት ነህ?» አልኩ። «ማን ልበል?» አለኝ። ስሜን ነገርኩት፤ አላወቀኝም። የአባቴን ስም ነገርኩት፤ ዝም አለ። «ሯጯ ነኝ» አልኩት።

ሳቁ ከዚያ ማዶ ፈነዳ። ስለ እናቴ ጠየቀኝ፤ ስለ አባቴ ወገብ ጠየቀኝ። ከዚያ ረድፋችንን ከላይ ጀምሮ ቤት በቤት እየጠራ ሁሉንም ጠየቀኝ፤ የሞቱትን ስነግረው «ነፍስ ይማር» እያለ ያልፋል። ገጾቹን እየገለጠ ያለ መሰለኝ። «ጋሼ፣ አንድ ያለብኝ ነገር…» ብዬ ስጀምር «ምን? አይሰማም» አለ። ደግሜ ጮህኩ። ኔትወርኩ ተቋረጠ። ልጁ ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ አልሠራም። ገንዘብ ልስጠው ብል አልቀበል አለኝ። የማያስፈልገኝን የስልክ ሽፋን ገዛሁና ሄድን።

እንግዲህ ወደ ጨው ልመለስ። ያን ቅዳሜ ልጄ ስልኬን ይዛ እንደቆመች ይህ ሁሉ መጣብኝ። የምንኖረው ሰሚት ነው፤ ሱቁ ከሕንፃችን ሥር ነው፤ የምታልፈው መኪና የሚቆምበትን ግቢ ብቻ ነው። ቢሆንም ፈራሁ። ፍርሃታችንን አላቃልልም፤ ምን ምን እንደምንሰማ ሁላችንም እናውቃለን። የእኔም እናት ትፈራ ነበር፤ አስፋልት እንዳልሻገር በማርያም ታስምለኝ ነበር። ግን ትልከኛለች።

መቶ ብር ሰጠኋት። «አንድ ጨው ስጠኝ በይው፤ መልሱን ቆጥረሽ ተቀበዪ» አልኳት። ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ባለቤቴ «እኔ ልውረድ?» አለ፤ ተው አልኩት። በረንዳ ላይ ቆምኩ። ከታች ብቅ አለች፤ ብሩን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛለች። ከመኪኖቹ መሀል ቆም ብላ ግራ ቀኝ አየች። ከዚያ ሮጠች።

ሱቁ በረንዳው ሥር ስለሆነ ከገባች በኋላ አትታየኝም። ምን ያህል እንደቆየች አላውቅም፤ በጣም ረጅም ነበር። ደረጃውን ስትወጣ ኮቴዋን ሰማሁና በሩን ከፈትኩላት። ጨው ይዛለች። መልሱን እጄ ላይ ቆጠረችልኝ። ዐሥር ብር ጎደለ። ቀና ብዬ አየኋት። አፏን ገጥማ ቆማለች፤ ጉንጯ ግን ይንቀሳቀሳል።

ምንም አልጠየቅኋትም። ሽንኩርቱ አርሮ ነበር።